«ሲሞላ ነው የሚጠፋው»፦ የአንድ አሮጌ ፎርድ ትራክተር የቤንዚን ችግር

ባለፈው ሚያዝያ ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይቺ ትራክተር አስመረረችኝ» አሉ። «ሃያ ደቂቃ ትሰራለች፣ ቀጥ ትላለች። ሩብ ሰዓት ታርፋለች፣ ትነሳለች። ደግሞ ቀጥ።»

ጋሼ አሜሪካ ስመጣ እጄን ይዘው አገሩን ያስለመዱኝ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ መሬት ገዙ። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። 12 ኤከር ነው፣ አምስት ሄክታር ገደማ። ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ በቆሎ ይዘራሉ። በጎችም አሏቸው። ትራክተሩን ከመሬቱ ጋር ነው የገዙት። ፎርድ 8ኤን፣ የ1951 ስሪት።

እኔ መካኒክ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎች ስር ተኝቼ ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የሞተር ክፍል) ፈቶ፣ አጥቦ፣ ነፍቶ መግጠም የዕለት ስራችን ነበር። እዚህ ግን ካርቡራተር ያለው መኪና ጋራዥ ድረስ አይመጣም። ስለዚህ ጋሼ ሲደውሉ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። አንድ ቅዳሜ ይበቃል ብዬ ነበር። ሶስት ፈጀ።

ስለ ትራክተሩ ትንሽ ልበል፣ ያለዚያ የቀረው አይገባም። 8ኤን ከ1947 እስከ 1952 ድረስ ተመረተ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ዛሬም አሜሪካ ገጠር ውስጥ በየመጋዘኑ ጥግ የሚታየው ለዚህ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው 9ኤን በ1939 የወጣው ሄንሪ ፎርድና አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ያለ ጽሁፍ፣ እጅ ተጨባብጠው ብቻ ባደረጉት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ሲፈርስ ፎርድ 8ኤንን ለብቻው ይዞ ወጣ። ፈርጉሰን ከሰሰ። በ1952 ፎርድ 9.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነገሩ በእርቅ አለቀ። አገር ቤት የምናውቀው ማሴይ ፈርጉሰን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰውዬ ነው። ልዩነቱ እኛ ያየናቸው ማሴዮች በናፍጣ ነው የሚሰሩት። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሲቋረጥበት አንደኛው ጣጣ ከመስመሩ አየር ማስወጣት ነው። የጋሼ ትራክተር ቤንዚን ነው፣ እዚህ ጣጣ ውስጥ አይገባም። የራሱ ሌላ ጣጣ አለው።

8ኤን የነዳጅ ፓምፕ የለውም። ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከሞተሩ በላይ፣ ከኮፈኑ ስር ተቀምጧል። 10 ጋሎን ይይዛል፣ 38 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ከሰልባትዮው ስር መክፈቻ ቫልቭ አለ። ከቫልቩ በታች ትንሽ የብርጭቆ ኩባያ ተንጠልጥላለች። ውሃና ቆሻሻ እሷ ውስጥ ይዘቅጣል። ከዚያ ቤንዚኑ በቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ካርቡራተሩ ይሄዳል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ሶስት ወንፊት አለ። አንዱ ሰልባትዮው ውስጥ፣ የቫልቩ አንገት ላይ ነው። ሁለተኛው ከብርጭቆዋ በላይ። ሶስተኛው ካርቡራተሩ መግቢያ ላይ ባለችው የታጠፈች የነሐስ ቱቦ፣ ክርን በምንላት፣ ውስጥ ተደብቋል። ይሄን ሶስተኛውን ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከሰልባትዮው እስከ ካርቡራተሩ ያለው ቁመት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። አንድ ክንድ ቤንዚን የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አይሞላም። የመኪና ጎማ 32 እንደሚነፋ አስቡት። ይህ ትራክተር በግማሽ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ፓምፕ ላለው መኪና ምንም የማትመስል እንቅፋት እሱን ታቆመዋለች። የዚህ ጉዳይ ነገር ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ከመድረሴ በፊት አንድ ጋራዥ አይቶት ነበር። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ቦቢና ተቀይሯል። ኮንደንሰሩ፣ ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል። ያ ሁሉ ሆኖ ሲጠፋ ደግሞ ካርቡራተሩ በታደሰ ተቀይሯል። መስመሩ ላይም አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ገብቶለታል። ጋሼ ከ600 ዶላር በላይ አውጥተዋል። ትራክተሩ ግን ያው ነው።

በመካኒኮቹ አልፈርድም። የበሽታው አመል የሚያሳስት ነው። ሲሞቅ የሚጠፋና ሲበርድ የሚነሳ ሞተር ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቦቢና ነው። ያረጀ ቦቢና ሲግል እሳት መስጠት ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምጠረጥረው። ችግሩ የነዳጅ እጥረትም ልክ እንደዚያው መምሰሉ ነው። ሁለቱን የሚለየው አሟሟቱ ነው። እሳት ሲቋረጥ ሞተሩ ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንዴ ድርግም ይላል። ቤንዚን ሲያጥረው ግን ይለምናል። ጉልበቱ ይወርዳል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይንተባተባል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሊጠፋ ሲል ቾኩን ስታወጡለት ለጥቂት ሰከንድ ነፍስ ከዘራ፣ ቤንዚን ነው የጎደለው። ቾክ አየሩን ስለሚያፍን ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችውን ቤንዚን ጠበቅ አድርጎ ይስባታል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ደርሼ ሳር ማጨጃውን አስጎተትኩት። ሚኒሞ ላይ፣ ስራ ፈቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቢቆም አይጠፋም። ይሄም ራሱ ምልክት ነው። ከባድ ስራ ላይ እንዲህ ያለው ሞተር በሰዓት 8 ወይም 9 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በደቂቃ 150 ሚሊሊትር ያህል ነው። ስራ ፈቶ ሲቆም ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃዋል። የተጣበበ መስመር ያንን ትንሹን ያደርሳል፣ ትልቁን አያደርስም።

በ18ኛው ደቂቃ ላይ ጀመረው። ተንተባተበ። ቾክ ሳወጣ ቀና አለ። ደግሞ ወረደ። ጠፋ። ወዲያው አንድ ካንዴላ ፈትቼ ገመዱን እንደያዘች ቦዲው ላይ አስነካኋትና ጋሼ ሞተሪኖውን አስነሱ። ሰማያዊ፣ ደማቅ እሳት። የእሳቱ ፋይል እዚያ ላይ ተዘጋ።

ከዚያ የሰራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። ዱላ ይዤ ሰልባትዮው ውስጥ ስንት ቤንዚን እንዳለ ለካሁ። ከሶስት እጅ ሁለቱ ሙሉ ነው። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ ትክክለኛውን ፍተሻ አደረግኩ። ካርቡራተሩ ከስሩ አንዲት ማፍሰሻ ብሎን አለችው። እሷን ፈቶ፣ ከስር ጣሳ አስቀምጦ፣ ቫልቩን ከፍቶ በሰዓት መለካት ነው። እኔ የምይዘው ልክ ግማሽ ሊትር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያ ካነሰ መንገዱ ላይ ችግር አለ። የጋሼ ትራክተር ግማሽ ሊትሩን በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሰጠኝ። ቆንጆ፣ ወጥ ፍሰት።

ስለዚህ «ቤንዚኑ እስከ ካርቡራተሩ እየደረሰ ነው፣ ችግሩ ከውስጥ ነው» አልኩ። ካርቡራተሩን ፈታሁት። ቤንዚን ሲሞላ መርፌዋን ገፍታ መግቢያውን የምትዘጋው ተንሳፋፊ ቁመቷ ልክ ነው፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ። መርፌዋ ጤነኛ ናት። ቀዳዳዎቹ ንጹህ ናቸው። የክርኗ ወንፊትም ንጹህ ነበር። መልሼ ገጠምኩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሳያቋርጥ አጨደ። ተሳካ ብለን ተቃቀፍን። ሰኞ ማታ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ነበሩ።

(ስለ እሳት አደጋ እግረ መንገዴን ልናገር። ቤንዚን የምታፈሱት የጭስ መውጫው ከበረደ በኋላ ይሁን። የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። በብረት ጣሳ ተቀበሉ፣ በፕላስቲክ አይሁን። በአፍ መምጠጥ አገር ቤት ለምደነዋል፣ እባካችሁ ተዉት። ያን ቀን የጋሼ ባለቤት እትዬ ለቡና ከሰል አያይዘው ምድጃውን ከእኛ አስር እርምጃ በማይሞላ ቦታ አስቀምጠውት ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ቤቱ ጀርባ አዛወርነው። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሩቅ ድረስ ሄዶ እሳት ይፈልጋል።)

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ነገሩን የፈቱት እትዬ ናቸው። ቡና እየጠጣን ጋሼ ሲያማርሩ እሳቸው ስኒ እየቀዱ፣ «ነዳጅ በሞላህበት ቀን ነው እኮ የምታስቸግርህ» አሏቸው። ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። «ይሄ ምን አገናኘው? ነዳጅ ሲሞላ ነው እንዴ መኪና የሚቆመው?» እትዬ ግን አልተረቱም። «ጀሪካኑን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ሳመጣልህ ትጠፋለች። ግማሽ ሲሆን ደህና ነች።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር።

ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ቢጫ ጀሪካን ስናንቆረቁር ጉልግል፣ ጉልግል ይላል። ውሃው ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት፣ መግቢያ ከሌለው ውሃውን ይይዘዋል። እናቶቻችን ሚስማር አግለው እጀታው ላይ ትንሽ ቀዳዳ የሚበሱት ለዚህ ነው። ሰልባትዮም ጀሪካን ነው። ክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። መተንፈሻው ከተዘጋ ቤንዚን በወረደ ቁጥር ከላይ ያለው አየር ይሳሳል። የአንድ ክንድ ቤንዚን ግፊት ደግሞ ከአየር ግፊት ሶስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ በሶስት በመቶ ከሳሳ ቤንዚኑ ባለበት ይንጠለጠላል።

ሲሞላ ለምን ይብሳል? ሰልባትዮው እስከ አፉ ሲሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ሁለት ሊትር ቢሆን ነው። ከሁለት ሊትር ሶስት በመቶው 60 ሚሊሊትር ነው፣ አንዲት ስኒ ቡና። ግማሽ ሲሆን ግን አየሩ 19 ሊትር ነው። ያንን በሶስት በመቶ ለማሳሳት ከግማሽ ሊትር በላይ መውጣት አለበት። በሂሳቡ ብቻ ብንሄድ ሞተሩ ገና ሳይጀምር መቆም ነበረበት። እውነታው ላይ ግን ቤንዚን ይተናል፣ ከስሩ ያለው ሞተርም ያሞቀዋል፣ ክዳኑም በጎሚኒው ጠርዝ በኩል ትንሽ ትንሽ አየር ያስገባል። ስለዚህ ደቂቃዎች ይፈጃል። ትራክተሩ ቆሞ ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ያ ቀስ ብሎ የሚሰርገው አየር ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ካርቡራተሩም ይሞላል፣ ይነሳል። ልክ እንደበረደ ቦቢና!

ያለፈው ቅዳሜ ስህተቴም ወለል ብሎ ታየኝ። ለመለካት ክዳኑን ስከፍት አየር አስገባሁለት። በሽታውን አድኜ ነው የመረመርኩት። ሲከፈት «ሽው» ብሎ ይሆናል፣ ጆሮዬ ገና በሞተሩ ጩኸት ተደፍኖ ስለነበር አልሰማሁም።

ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞላነው። ማጨጃውን አስገባን። በ11ኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ። «ማንም ክዳኑን እንዳይነካ!» አልኩ። ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ደግሞ አልተቻለም፣ ከጠበቅን በሽታው ያመልጠናል። ስለዚህ ማፍሰሻዋ ላይ ቀድሜ ረጅም ቱቦ ገጥሜ ጫፉን ከጭስ መውጫው አርቄ ጣሳ ውስጥ አስገብቼ ነበር፣ እሳት ማጥፊያውንም ጋሼ ይዘው ቆመዋል። ስከፍተው የካርቡራተሩ ቅሪት ወረደ። ከዚያ ክር መሰለ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ክዳኑን ላላ አደረግኩት። «ሽሽሽ» አለና አየር ሳበ። እትዬ ራሳቸው ሰሙት። ጣሳው ውስጥ ያለው ጠብታ ወዲያው ሙሉ ፍሰት ሆነ።

ክዳኑን ገልብጬ አየሁት። አዲስ ነው። የትም ቀዳዳ የለውም። ጋሼ ሲያዩት ግንባራቸውን ያዙ። የድሮው ክዳን ዳገት ላይ ቤንዚን እየረጨ ስላስቸገራቸው ባለፈው መኸር ጥብቅ ያለ ክዳን ፈልገው ገዙ። ክረምቱን ትራክተሩ ብዙ አልሰራም። ችግሩ የመጣው በጸደይ ነው። ስድስት ወር ስላለፈ ክዳኑን ማንም ከዚህ ጋር አላገናኘውም። ክዳኑ ለሌላ ማሽን የተሰራ ነው። በላዩ ላይ ልክ ይገጥማል፣ ግን አይተነፍስም። መተንፈሻ ያለውን፣ ለ8ኤን የተሰራውን አዘዝን። እስኪመጣ ድረስ ያንኑ ክዳን ላላ አድርገው እንዲሰሩበት ነገርኳቸው፣ ሜዳው ላይ ብቻ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም። አዲሱ ክዳን መጣ፣ ተገጠመ። ትራክተሩ አርባ፣ ሃምሳ ደቂቃ ሰራ። ጠፋ። ጋሼ ስልክ ላይ ድምጻቸው ተሰብሮ ነበር። «ክዳኑም አልነበረም ማለት ነው» አሉ። ነበር እንጂ! ግን ብቻውን አልነበረም። አሮጌ ማሽን ላይ ሁለት ሶስት በሽታ አብሮ መኖሩ የተለመደ ነው። የፈጠነው ሲድን የዘገየው ይወጣል። ክዳኑ ሁልጊዜ በሃያ ደቂቃ ስለሚያቆመው ትራክተሩ ሁለተኛው በሽታ የሚታይበት ደቂቃ ላይ ደርሶ አያውቅም ነበር።

ሶስተኛው ቅዳሜ። አሁን ፍተሻውን በደንብ አደረግኩት። ትራክተሩን በስራ ላይ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ክዳኑን ሳልነካ ለካሁ፣ ደካማ። ክዳኑን ከፈትኩ። ድምጽ የለም፣ ፍሰቱም አልተሻለም። ስለዚህ አየር አይደለም፣ የሆነ ነገር ዘግቷል። የት? ከታች ወደ ላይ እየነቀሉ መውጣት ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ሰጠሁትና ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቀልኩ። ደካማ። የወረቀት ፊልትሮውን አወጣሁት። ትንሽ ተሻለ፣ ግን አሁንም ከልኩ በታች ነው።

ስለ ወረቀት ፊልትሮው ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ይገጥመዋል፣ ያ ጋራዥም በቅን ልብ ነው ያደረገው። ግን እነዚህ የወረቀት ፊልትሮዎች የተሰሩት በፓምፕ ለሚገፋ ቤንዚን ነው። ግማሽ ፒኤስአይ ለማይሞላ መስመር ሸክም ናቸው። ሌላም አለ። ፊልትሮውን ለማስገባት የብረት ቱቦው ተቆርጦ የጎማ ቱቦ ተቀጥሎበታል፣ ጎማውም ረገብ ብሎ ወደ ጭስ መውጫው ተጠግቷል። ቤንዚን እዚያ ጋ ቢሞቅ መስመሩ ውስጥ ይተናል፣ እንፋሎቱም መንገድ ይዘጋል። አሁን የሚሸጠው ቤንዚን ኤታኖል ስላለበት ደግሞ ለእሱ ያልተሰራ ጎማን ቀስ በቀስ ያበላሻል። እኔ አውጥቼ ጣልኩት፣ በፋብሪካው ቅርጽ የታጠፈ የብረት ቱቦ ተካሁበት። ትራክተሩ ከነሶስት ወንፊቱ ነው የተወለደው፣ ወንፊቶቹ ንጹህ ከሆኑ ሌላ አያስፈልገውም።

ወደ ላይ ቀጠልኩ። የብርጭቆ ኩባያዋን አወረድኳት። ከስሯ ደቃቅ ቀይ ዱቄት ተኝቷል። ዝገት ነው። ቫልቩን ስከፍት ያለ ብርጭቆውም ፍሰቱ ሰነፍ ነው። ከዚህ በላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው አንገት።

ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን አወረድን። ቫልቩን ከነአንገቱ ከስር ፈታሁት። ወንፊቷ ቀይ ቡሽ መስላለች። ብርሃን ላይ ሳነሳት የሚታየኝ ሰማይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነበር። የሚገርመው ግን ለምን ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ብቻ እንደሚጠፋ ነው። ትራክተሩ ቆሞ ሲያድር የዝገቱ ቅርፊት ተላቆ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሲሰራ እየተንቀጠቀጠ፣ ቤንዚኑ እየተናጠ ቅርፊቱ ይነሳና ወንፊቷ ላይ እየተለጠፈ ይሄዳል። ቀስ በቀስ ትታፈናለች። ጠዋት ላይ በአጭር ጊዜ ብትለካው ደህና ነው። ለዚህ ነው ግማሽ ሊትር ብቻ ለክቶ ማቆም የማይበቃው። አሁን እኔ ቢያንስ ሁለት ሊትር አወርዳለሁ፣ በየግማሽ ሊትሩ ሰዓት እይዛለሁ። አራቱም ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ አምናለሁ። እየረዘመ ከሄደ ከላይ ቆሻሻ አለ።

ወንፊቷን አጥቦ መመለስ ቀላል ነበር። ግን ሰልባትዮው ሳይጸዳ በሳምንቱ ያው ነው። ኮፈኑን ለሁለት አነሳነው፣ ሰልባትዮውን አወጣነው። አጥበን፣ ጋዙን በደንብ አስወጥተን አንድ ክንድ የምትሆን ሰንሰለት አስገባን። ጋሼና እኔ እንደ ቅቤ መናጫ እያወዛወዝን ናጥነው። የወጣውን ውሃ ብታዩት የቀይ አፈር ጎርፍ ነው። ከዚያ በነጭ ኮምጣጤ እስከ አፉ ሞልተነው ሁለት ቀን ተውነው። ሰኞ ጋሼ ራሳቸው ደፍተው ቤኪንግ ሶዳ በበጠበጡበት ውሃ አለቀለቁት። ኮምጣጤው ካልተገደለ ብረቱን መብላቱን አይተውም። እርጥብ ብረት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል፣ ስለዚህ ወዲያው በኮምፕረሰር አየር አድርቀው ትንሽ ዘይት ውስጡን አዳረሱት።

ውስጡን የሚቀባ ማሸጊያ ቀለም እንግዛ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይሆንም አልኳቸው። ካልቀደደ ወይም ካላፈሰሰ እኔ አልቀባም። በደንብ ያልያዘ ማሸጊያ ከጊዜ በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል። ያኔ ከዝገት ቅርፊት የባሰ ሰፊ ንጣፍ ወንፊቷ ላይ ይቀመጣል። ይልቅ ትራክተሩ ለክረምት ሲቆም ሰልባትዮው ወይ ሙሉ ይሁን፣ ወይ ጭርሱን ባዶና ደረቅ። ግማሽ ሆኖ ሲከርም ነው ባዶው ግድግዳ ላይ ጤዛ የሚይዘው፣ ዝገቱም የሚጀምረው። የጋሼ ትራክተር በየክረምቱ ግማሽ ሆኖ ነበር የሚቆመው።

ሲገጠም የቫልቩን አከፋፈት አሳየኋቸው። ሁለት ሙሉ ዙር ሲከፈት ዋናው ቤንዚን ነው የሚወርደው። ጨርሶ ሲከፈት መጠባበቂያው አንድ ጋሎን ገደማም ይጨመራል። ጋሼ ሁልጊዜ ጨርሰው ነበር የሚከፍቱት። ስለዚህ ቤንዚን ሲያልቅባቸው ማስጠንቀቂያ አልነበራቸውም፣ የሰልባትዮውን ወለል ጭቃም አብረው ነበር የሚጠርጉት።

አዲስ የቡሽ ጓርኒሲዮን (እንዳያፈስ የሚያሽግ ቀለበት) ብርጭቆዋ ላይ አደረግኩ። ሶስቱም ወንፊት ታጠበ። ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሰልባትዮው ሞልቶ፣ ሁለት ሊትር አወረድኩ። የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር 1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ። ሁለተኛው 1 ከ6። ሶስተኛው 1 ከ5። አራተኛው 1 ከ7። እትዬ ቁጥሮቹን በማድ ቤት ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ከዚያ ጋሼ ማረሻውን አስገብተው የድንቹን መደብ ጀመሩ። ሰዓት ያዝኩ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሲሆን ራሳቸው አቆሙት፣ ስለደከማቸው። ሞተሩ አልተንተባተበም።

አንድ ያልጨረስኩት ነገር አለ። የቫልቩ እጀታ ስር፣ ግንዱ በሚዞርበት ቦታ ላይ፣ ቤንዚን በጣም ቀስ ብሎ ያንጠባጥባል። ማጥበቂያዋን ትንሽ አጠበቅኳት፣ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ሙሉ ቫልቩ ታዟል። ሲመጣ አንድ ቅዳሜ ሄጄ እቀይረዋለሁ። እስከዚያ ጋሼ ስራ ሲጨርሱ ቫልቩን ይዘጋሉ፣ ትራክተሩም የሚያድረው ከመጋዘኑ ውጭ፣ ከበጎቹ በረት ርቆ ነው።

ቀዳዳ የሌለውን ክዳን እትዬ ወስደውታል። የጀሪካን መክደኛ አድርገውታል፣ ለእሱ ልክ ይሆናል።